አደይ አበባ

ይህ ጽሑፍ ስለ አበባውና ስለ ስሙ ልዩ ልዩ ትርጉሞች ነው። ስለ ኢትዮጵያ ዋና ከተማ አዲስ አበባን፣ ስለ ስታዲየሙ ደግሞ አደይ አበባ ስታዲየምን ይዩ።

አደይ አበባ (ሮማይስጥ፦ ቢደንስ ማክሮፕተራ እና ተቀራራቢ ዝርያዎች) በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ የክረምቱ ዝናብ ሲያበቃ የሚያብብ ቢጫ አበባ ነው። የመስቀል አበባ ተብሎም ይጠራል። በየዓመቱ በመስከረም ወር በመስክ፣ በማሳ ዳር፣ በመንገድ ዳርና በተራራ ወገብ በብዛት ስለሚታይ የአዲስ ዓመት (እንቁጣጣሽ) እና የመስቀል በዓል ምልክት ሆኗል።

«አደይ አበባ» የሚለው ስም ግን አንድ ነገር ብቻ አያመለክትም። ለዕፅዋት ተመራማሪ የበርካታ ዝርያዎች የጋራ መጠሪያ ነው። ለንብ አናቢ የጥቅምትና የኅዳር ማር ምንጭ፣ ለእህል ገበሬ አረም፣ ለልጃገረድ የእንቁጣጣሽ ስጦታ፣ ለከተማ ነዋሪ የሰፈር፣ የፋብሪካና የስታዲየም ስም ነው። ይህ ጽሑፍ እነዚህን ትርጉሞች በየተራ ያቀርባል፤ ምሳሌዎቹንም በተለይ ከሰሜን ሸዋ ደጋማ ወረዳዎች ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ ይወስዳል።

ስያሜ

ስሙ ሁለት ቃላት አሉት፤ «አደይ» እና «አበባ»።

አደይ፦ በዛሬው አማርኛ ይህ ቃል ብቻውን ሲነገር የሚታወሰው ይኸው ቢጫ አበባ ነው። ለሌላ ነገር ቅጽል ሆኖ አያገለግልም፤ «አደይ ቀሚስ» ወይም «አደይ ዛፍ» አይባልም። በትግርኛ «ኣደይ» ማለት «እናቴ» ማለት ነው። «ዓደይ» ደግሞ በዚያው ቋንቋ «አገሬ፣ መንደሬ» ማለት ነው። ሁለቱ የትግርኛ ቃላት በመጀመሪያው ፊደል ድምፅ ይለያያሉ። አማርኛ ግን አ እና ዐን በአንድ ድምፅ ስለሚያነብ ሁለቱም ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ከአበባው ስም ጋር አንድ ይመስላሉ። የድምፅ መመሳሰል የትርጉም ዝምድና ማስረጃ ስላልሆነ፣ የአበባውን ስም በዚህ ብቻ ተመርኩዞ «እናቴ» ብሎ መፍታት አይገባም።

አበባ፦ ይህ ቃል «አበበ» ከሚለው ግስ ጋር አንድ ዘር ነው። ከዕፅዋት አልፎ ብዙ ነገር ይሰየምበታል። «የወር አበባ» የሴቶች የወር ደም ነው፤ «አበባ ጎመን» የሚበላ አትክልት ነው፤ «የአበባ ጉንጉን» በመቃብርና በሐውልት ሥር የሚኖር የክብር ስጦታ ነው። «ኑሮው አበበ» ሲባል ሰው ተሳካለት፣ ደላው ማለት ነው። በግዕዝ አበባ «ጽጌ» ይባላል፤ ጽጌ ረዳ የሚለው የአበባ ስም ከዚህ ነው።

የመስቀል አበባ፦ ይህ ስም የሚያመለክተው አበባው የሚታይበትን በዓል ነው። በከተማ አካባቢ «አደይ አበባ» እና «የመስቀል አበባ» እየተቀያየሩ ይነገራሉ።

በሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች

በኦሮምኛ አበባው «ኬሎ» ይባላል። ቃሉ ለሴት ልጅ ስምም ይሆናል። ከዝናብ በኋላ ያለው ብሩህ ወቅት በኦሮምኛ «ብራ» ሲሆን ኬሎ የብራ መግቢያ ምልክት ተደርጎ ይታያል።

በትግርኛ ስሙ «ገልገለ መስቀል» ነው። እንደ «የመስቀል አበባ» ሁሉ ይህም ስም በዓሉን በውስጡ ይዟል።

ከእነዚህ ስሞች ሁለት ዓይነት አሰያየም ይታያል። «አደይ» እና «ኬሎ» የአበባው የራሱ መጠሪያዎች ናቸው፤ «የመስቀል አበባ» እና «ገልገለ መስቀል» ደግሞ አበባውን በሚታይበት በዓል የሚጠሩ ናቸው።

አንድ ስም፣ ብዙ ዝርያዎች

በኢትዮጵያ ውስጥ ቢደንስ የሚባለው ወገን ብዙ ዝርያዎች አሉት። ከእነዚህ ውስጥ ቢደንስ ማክሮፕተራ፣ ቢደንስ ፕሬስቲናሪያ እና ቢደንስ ፓኪሎማ በተለያየ ቦታ ሁሉም «አደይ አበባ» ይባላሉ። ሦስቱም ቢጫ ናቸው፤ ከክረምት በኋላ ያብባሉ፤ ከሩቅ ለሚያይ ሰው አንድ ናቸው። ዕፅዋት አጥኚ የሚለያቸው በቅጠላቸው አቆራረጥ፣ በዘራቸው ቅርጽና በአበባው ሥር ባሉት ትናንሽ ቅጠሎች ነው።

ከእነዚህ ጋር የሚምታቱ ሌሎች ዕፅዋትም አሉ፦

ኑግ፦ ለዘይት የሚዘራ ሰብል ነው። አበባው ቢጫ ሲሆን ከመስከረም መጨረሻ በኋላ ማሳውን ሙሉ ይሸፍናል። ወገኑ ጊዞሽያ ይባላል፤ ይህም ስም የተሰጠው በፈረንሳዊው የታሪክ ጸሐፊና ፖለቲከኛ በፍራንሷ ጊዞ መታሰቢያነት ነው። ከመኪና መስኮት ሆኖ «ማሳው በአደይ አበባ ተሸፍኗል» የሚል መንገደኛ ብዙ ጊዜ የሚያየው ኑግ ነው።

መጭ፦ የኑግ የዱር ዘመድ ነው። በማሳና በረግረግ ዳር ይበቅላል። ለንብ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ለገበሬ ግን አረም ነው።

ጨጎጊት፦ የአደይ አበባ የቅርብ ዘመድ (ቢደንስ ፒሎሳ) ነው። መነሻው አሜሪካ ሲሆን ዛሬ በዓለም ዙሪያ ተሠራጭቷል። ደረቅ ዘሩ በሰው ልብስና በከብት ጠጉር ላይ ስለሚጣበቅ ሁሉም ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ማንም «አደይ አበባ» አይለውም።

ሕዝባዊ አሰያየምና ሳይንሳዊ አሰያየም የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ሳይንሱ ጨጎጊትንና አደይ አበባን በአንድ ወገን ያስቀምጣቸዋል፤ ሕዝቡ ግን አንዱን በዓል ሌላውን አረም አድርጎ ይለያቸዋል። በአንጻሩ ሳይንሱ በሦስት ስም የሚለያቸውን ሕዝቡ በአንድ ስም ይጠራቸዋል።

ሳይንሳዊ ስሙ

አደይ አበባ የሚገኝበት ቤተሰብ አስቴራሴ ይባላል። ሱፍ፣ ኑግና ሰላጣም የዚህ ቤተሰብ አባላት ናቸው። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ «አንድ አበባ» የሚመስለው በእውነቱ የብዙ ትናንሽ አበቦች ስብስብ ነው። በዙሪያው የተዘረጉት ቢጫ ክፍሎች እያንዳንዳቸው አንድ አበባ ናቸው፤ መሐሉ ላይ ያለው ቢጫ ክብ ደግሞ የብዙ ደቃቅ አበቦች ጥርቅም ነው።

ቢደንስ የሚለው ቃል በሮማይስጥ «ባለ ሁለት ጥርስ» ማለት ነው፤ በብዙዎቹ ዝርያዎች ዘር ጫፍ ላይ ካሉት ሹል ነገሮች የተወሰደ ነው። ስሙን ለዕፅዋቱ የሰጠው ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ ሲሆን ይህም እ.ኤ.አ. በ1753 ነው። ማክሮፕተራ ደግሞ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «ባለ ትልቅ ክንፍ» ማለት ነው። ስለዚህ የሳይንሱ ስም ስለ አበባው ውበት ወይም ስለ በዓሉ አንድም ነገር አይናገርም፤ የሚናገረው ስለ ዘሩ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር በሰሜን ኢትዮጵያ እየኖረ ብዙ የደረቁ ዕፅዋትን ወደ አውሮፓ ልኳል። ካርል ሃይንሪሽ ሹልዝና ሌሎች የአውሮፓ ሊቃውንት ከኢትዮጵያ ለተላኩ ዕፅዋት ስም ያወጡት አበባውን በመስክ ሳያዩ ነበር። በዚህም የተነሣ ከእነዚህ ቢጫ አበቦች አንዳንዶቹ ቀድሞ ኮሪዮፕሲስ በሚባል ሌላ ወገን ተመዝግበው ነበር። ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ሊቅ መስፍን ታደሰ የሁለቱን ወገኖች የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ዝርያዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መርምረው እንደገና መድበዋቸዋል። ዛሬ የቢደንስ ማክሮፕተራ ሙሉ ሳይንሳዊ ስም ሲጻፍ መጨረሻው ላይ «መስፍን» የሚለው ስም ይገባል፤ ይህም ዝርያውን አሁን ባለበት ወገን ያስቀመጡት እሳቸው መሆናቸውን ያሳያል።

እድገትና የማበቢያ ጊዜ

ቢደንስ ማክሮፕተራ የአንድ ዓመት ተክል ነው። ዘሩ በአፈር ውስጥ ቆይቶ በክረምት ዝናብ ይበቅላል፤ ዝናቡ ሲቀንስ ያብባል፤ ዘር ካፈራ በኋላ በበጋው ይደርቃል። በሚቀጥለው ዓመት የሚታየው አበባ ከዚያ ዘር የበቀለ አዲስ ተክል እንጂ የቀድሞው አይደለም። በዚህ ምክንያት አንድ ቦታ በተከታታይ ዓመታት ዘር ከማፍራቱ በፊት ከታጨደ ወይም ከተነቀለ፣ በአፈሩ ያለው ዘር እየተመናመነ ይሄዳል።

ዝናቡ ዘግይቶ ሲገባ ወይም ቶሎ ሲያቆም የማበቢያ ጊዜውም ይለዋወጣል።

ወቅቱ፦ ፀደይ ወይስ መፀው?

ከአበባው ስም ጋር ተያይዞ የሚነሣ ክርክር የወቅቱ ስም ነው። በመገናኛ ብዙኃንና በመልካም ምኞት ካርዶች ላይ የአደይ አበባ ወቅት «ፀደይ» ተብሎ ሲጻፍ ይታያል። በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ግን አራቱ ወቅቶች የሚከፈሉት እንደሚከተለው ነው፦

ክረምት፦ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25

መፀው፦ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25

በጋ (ሐጋይ)፦ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25

ፀደይ፦ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25

በዚህ ስሌት የአበባ ወቅት መፀው ነው፤ ፀደይ ደግሞ ከበልግ ዝናብ ጋር ይገጥማል። ስሕተቱ የመጣው ከትርጉም ይመስላል። በአውሮፓ የአበባ ወቅት ከመጋቢት ጀምሮ ስለሆነና የዚያ ወቅት ስም «ፀደይ» ተብሎ ስለተተረጎመ፣ «የአበባ ወቅት» የሚለው ሐሳብ ከስሙ ጋር ተጣብቆ ወደ መስከረም መጣ። በዚሁ ስሌት መሠረት እንቁጣጣሽ (መስከረም 1) እና መስቀል (መስከረም 17) ሁለቱም የሚውሉት ገና በክረምት ውስጥ ነው። በሕዝቡ አነጋገር ከክረምት በኋላ ያለው ጊዜ «ጥቢ» ይባላል።

ከመስከረም 26 ጀምሮ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ያለው ጊዜ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን «ዘመነ ጽጌ» ወይም «ወርኃ ጽጌ» ይባላል። የእመቤታችንና የልጇ ወደ ግብፅ መሰደድ በዚህ ጊዜ ይታሰባል፤ «ማኅሌተ ጽጌ» የተባለው ድርሰትም በእሑድ ሌሊት ይቆማል። በዚህ ድርሰት አበባ የክርስቶስና የእመቤታችን ምሳሌ ነው።

በበዓላት

እንቁጣጣሽ፦ መስከረም 1 ቀን ልጃገረዶች አደይ አበባና ለምለም ሣር ይዘው «አበባየሆሽ» እየዘፈኑ ከቤት ቤት ይዞራሉ። ልጆች በወረቀት ላይ አበባ ሥለው ለዘመድና ለጎረቤት ይሰጣሉ። ይህ ሥዕልም ሆነ በእጅ የሚሰጠው አበባ «እንቁጣጣሽ» ይባላል፤ ስለዚህ አንዱ ቃል የበዓሉም የስጦታውም ስም ነው።

መስቀል፦ በደመራ ምሰሶ ጫፍ ላይ አደይ አበባ ታስሮ ይቆማል፤ በችቦም ላይ ይደረጋል። በአዲስ አበባ ደመራ የሚለኮሰው መስከረም 16 ቀን ማምሻውን ሲሆን፣ በአንዳንድ የሰሜን አካባቢዎች መስከረም 17 ቀን ጠዋት ነው። የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል።

ከመስቀል ጋር በተያያዘ የሚምታታ የቦታ ስም አለ። የክርስቶስ ግማደ መስቀል እንዳለበት በትውፊት የሚነገርለት ቦታ ግሸን ማርያም ሲሆን የሚገኘው በደቡብ ወሎ፣ አምባሰል ነው። ግሼ ግን በሰሜን ሸዋ ከመንዝ ጋር የሚዋሰን አገር ነው። ስሞቹ ቢቀራረቡም ቦታዎቹ የተለያዩ ናቸው።

በመንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ

መንዝ በባህላዊ አከፋፈል ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት ይከፈላል፤ ስሞቹ ከሦስት አባቶች ስም እንደመጡ ይነገራል። ዛሬ መሐል ሜዳ፣ ሞላሌና ዘመሮ በዚሁ ምድር ከሚገኙ ከተሞች ውስጥ ናቸው። በሰሜን በኩል ግሼ ራቤል አለ። በምዕራብ በጀማና በወንጪት ወንዞች ገደል ማዶ መርሐቤቴ ሲገኝ ዋና ከተማው ዓለም ከተማ ነው።

የቦታው አቀማመጥ ከወንዝ ሸለቆ ቆላ እስከ ውርጭ ይደርሳል። በመርሐቤቴ አምባዎች ላይ ጤፍ ይዘራል፤ በመንዝ ከፍተኛ ሜዳ ላይ ገብስ የምድሩ ዋና ሰብል ነው፤ በጉም ጸጉሩም ለኑሮ መሠረት ነው። በመስከረም የመንዝ ገብስ ገና ማሳ ላይ እያለ አበባው በድንበርና በገደል አፋፍ ይታያል።

በመንዝ ጌራ ምድር የሚገኘው ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውና ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ የኅብረተሰብ ጥብቅ ቦታ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል። በዚህ ከፍታ መስኩን የሚሸፍነው አደይ አበባ ሳይሆን ጓሳ ሣር ነው፤ ጅብራና ጦስኝም ይበቅላሉ። ጅብራ ለብዙ ዓመታት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞት ረጅም ተክል ነው።

የጓሳ ስም ራሱ የአንድ ስም ብዙ ትርጉም ምሳሌ ነው። ጓሳ ማለት ሣሩ ነው፤ ሣሩ የበቀለበት ቦታ ነው፤ ዛሬ ደግሞ በሕግ የታወቀው ጥብቅ ቦታ ነው። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለዝናብ መከላከያ ገሳ ይውላል። ሕዝቡ ይህን ሀብት «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ለዘመናት ጠብቆታል። በዚህ ሥርዓት ቦታው ለተወሰኑ ዓመታት ከግጦሽና ከአጨዳ ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ በተወሰነ ቀን ይከፈታል። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የቀድሞውን የርስት ሥሪት ሲሽር የቄሮ ሥርዓትም መሠረቱን አጥቶ ነበር፤ በኋላ ግን ኅብረተሰቡ በሌላ መልክ አደራጅቶ ጥበቃውን ቀጥሏል። በአንጻሩ አደይ አበባ እንዲህ ያለ ጠባቂ ሥርዓት የለውም። የሚበቅለው በማንም በማይጠበቅ ድንበር፣ በመንገድ ዳርና በጦም አዳሪ መሬት ላይ ነው።

መንዝ በቃል ድርብ ትርጉም ጥናትም ይታወቃል። አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተሰኘው መጽሐፉ የመንዝን ገበሬ ኑሮ በሰፊው ያቀረበ ሲሆን፣ የመጽሐፉ ዋና ሐሳብም በአማራ ባህል አንድ ቃል ላይ ሁለት ትርጉም የመጫን ልማድ ነው።

ማርና አረም

አደይ አበባ የኢትዮጵያ ደጋ ንቦች ዋና ቀሰም ከሆኑት ዕፅዋት አንዱ ነው። ከመጭ፣ ከኑግና ከማገጥ ጋር ሆኖ ከመስከረም እስከ ጥቅምት ለንቦች የአበባ ዱቄትና ወለላ ይሰጣል። በብዙ የደጋ አካባቢ ዋናው የማር ቆረጣ በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ አበባ የሚገኘው ማር ወደ ቢጫ ያደላ ቀለም አለው።

ለእህል ገበሬ ግን ይኸው ተክል ከሰብሉ ጋር ለአፈር፣ ለውኃና ለብርሃን የሚሻማ አረም ነው። ቀድሞ አረም በእጅ ይታረም ስለነበር በማሳው ዳር ያለው አበባ ይተርፍ ነበር። አሁን በስንዴ፣ በጤፍና በገብስ ማሳ ላይ እንደ 2፣4-ዲ ያሉ ፀረ አረም ኬሚካሎች በሰፊው ይረጫሉ። 2፣4-ዲ የሣር ዘር የሆኑትን ሰብሎች እየተወ ሰፊ ቅጠል ያላቸውን ዕፅዋት የሚገድል ኬሚካል ነው። አደይ አበባና መጭ ሰፊ ቅጠል ካላቸው ውስጥ ናቸው። ነፋስ ጠብታውን ከማሳው አሳልፎ ወደ ድንበሩ ሊወስደው ይችላል።

በዚህም ጉዳይ አንድ መንደር ውስጥ ሁለት ጥቅሞች ይጋጫሉ። የሚረጨው ገበሬ የእህሉን ምርት ይጠብቃል፤ ንብ ያለው ጎረቤቱ ደግሞ ቀሰሙን ያጣል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው። ጉዳቱን ለመቀነስ የሚመከሩት ተግባራት ነፋስ በሌለበት ሰዓት መርጨት፣ ንቦች በማይወጡበት በማለዳ ወይም በምሽት መርጨት፣ ከመርጨት በፊት ለንብ ባለቤቶች መናገርና የማሳ ድንበርን ሳይረጩ መተው ናቸው።

ስሙ አሻሚ መሆኑ እዚህ ላይ ጉዳት ያመጣል። በአንድ ቦታ «አደይ አበባ» ተብሎ ስለ ማር የተጻፈ ጥናት በሌላ ቦታ ስላለ ሌላ ዝርያ ሊሆን ይችላል። ዘር ለመሰብሰብ፣ ለማባዛት ወይም በቀፎ አካባቢ ለመትከል የሚፈልግ ሰው ከሕዝባዊው ስም ጋር ሳይንሳዊውን ስምና የተሰበሰበበትን ቦታ መመዝገብ ያስፈልገዋል።

የሰው ስም

አደይ፣ አበባ፣ አበበች፣ ጽጌ እና ጽጌረዳ የሴት ስሞች ናቸው፤ አበበና አበባው የወንድ ስሞች ናቸው። ጽጌ ለወንድም ይወጣል። «አበበ» ስምም ዓረፍተ ነገርም ነው፤ የተወለደው ልጅ ለቤተሰቡ ማበብ ምልክት መሆኑን ይናገራል።

ከሰሜን ሸዋ ጋር የተያያዙ ሁለት ታዋቂ ሰዎች ይህን ስም ይዘዋል። ራስ አበበ አረጋይ በጣልያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) በሸዋ ከነበሩት የአርበኞች መሪዎች ዋነኛው ነበሩ። ሻምበል አበበ ቢቂላ በሰሜን ሸዋ ጃቶ በተባለ መንደር ተወልዶ የሮማን የኦሊምፒክ ማራቶን ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። ማግሥቱ እንቁጣጣሽ ነበር። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ድሉን ደግሟል።

የቦታና የድርጅት ስም

አዲስ አበባ፦ የኢትዮጵያ ዋና ከተማ ስም «አዲስ» ከሚለው ቅጽልና «አበባ» ከሚለው ስም የተሠራ ነው። ስሙን በ1879 ዓ.ም. ያወጡት እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው። በኦሮምኛ ከተማዋ ፊንፊኔ ትባላለች። «አዲስ አበባ» እና «አደይ አበባ» በድምፅ ስለሚቀራረቡ ልጆችና የውጭ አገር ሰዎች ያደባልቋቸዋል፤ ነገር ግን የከተማዋ ስም «አዲስ» እንጂ «አደይ» የሚል ቃል የለበትም።

ከተማዋ ከመንዝ ጋር የታሪክ ግንኙነት አላት። የሸዋ ነገሥታት ሐረግ አባት ነጋሢ ክርስቶስ የተነሡት ከመንዝ ነው። ተከታዮቻቸው ወደ ይፋት፣ ወደ አንኮበርና ወደ አንጎለላ እየወረዱ ከቆዩ በኋላ፣ አንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ እንጦጦ አዛወሩ፤ ከዚያም አዲስ አበባ ተቆረቆረች።

አደይ አበባ ስታዲየም፦ በአዲስ አበባ ቦሌ ክፍለ ከተማ የሚሠራ ብሔራዊ ስታዲየም ነው። ግንባታው በ2008 ዓ.ም. የተጀመረ ሲሆን ከ60,000 በላይ ተመልካቾችን እንዲይዝ ታቅዷል።

አደይ አበባ (ፋብሪካና ሰፈር)፦ በአዲስ አበባ ሳሪስ አካባቢ የሚገኝ የክር ፋብሪካ ይህ ስም አለው። አካባቢውም «ሳሪስ አደይ አበባ» ይባላል።

አደይ (ድራማ)፦ በቃና ቴሌቪዥን የቀረበ የአማርኛ ተከታታይ ድራማ ነው።

የአጻጻፍ ልዩነት

ስሙ «አደይ አበባ» እና «ዐደይ አበባ» ተብሎ ይጻፋል። ሁለቱም በአማርኛ እኩል ይነበባሉ። በኮምፒውተር ዘንድ ግን አ እና ዐ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ሲገባ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል። ስለዚህ በአንዱ አጻጻፍ የፈለገ ሰው በሌላው የተጻፈውን ላያገኘው ይችላል። ይኸው ችግር በ«ጽጌ» እና «ፅጌ»፣ በ«ፀደይ» እና «ጸደይ»፣ በ«መርሐቤቴ» እና «መርሃቤቴ» ላይም ይታያል። ፊደላቱን ሁሉ ወደ አንድ የሚያጠቃልል የፍለጋ ሥርዓት ለአማርኛ ይጠቅማል፤ ለትግርኛ ግን «ኣደይ» (እናቴ) እና «ዓደይ» (አገሬ) የሚባሉትን ቃላት ያደባልቃል።

የተለመዱ ስሕተቶች

«አደይ አበባ በኢትዮጵያ ብቻ ይበቅላል»፦ ስሙ የብዙ ዝርያዎች በመሆኑ ይህ በጅምላ ሊባል አይችልም። ከእነዚህ ዝርያዎች ውስጥ በጎረቤት አገሮችም የሚበቅሉ አሉ።

«በዓመት አንድ ቀን ብቻ ያብባል»፦ በእንቁጣጣሽ ዕለት በብዛት ስለሚታይ እንጂ አበባው ለሳምንታት ይቆያል።

«የኢትዮጵያ ብሔራዊ አበባ ነጩ ካላ ሊሊ ነው»፦ በብዙ የውጭ ዝርዝሮች ላይ ይህ ይገኛል። የዚያ ተክል ሳይንሳዊ ስም ዛንቴዴሺያ ኤቲዮፒካ ነው። ተክሉ ግን የደቡብ አፍሪካ አካባቢ ነው። «ኤቲዮፒካ» የሚለው ቃል በድሮ የአውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ ከሰሐራ በታች ያለውን አፍሪካ በጠቅላላ ያመለክት ስለነበር ስሙ የዛሬዋን ኢትዮጵያ አያመለክትም።

ደግሞ ይዩ

እንቁጣጣሽ
መስቀል (በዓል)
ዘመነ ጽጌ
ኑግ
ጓሳ
መንዝ
መርሐቤቴ
አዲስ አበባ